ባትሪው መቼ ሞተ?

በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ በሆነበት ወቅት ወለንጪቲ ነበርኩ። አጎቴ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የፈጁ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ያወጋሉ፣ እኔ በኮምፒውተር እተይባለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በሶማሊያ ጦርነት የባቡሩ መስመር ሲቆረጥ ከእነማን ጋር እንደነበሩ የሚናገሩበት ቦታ ስንደርስ መብራት ሄደ። ምን ቸገረኝ፣ ዩፒኤስ አለኝ ብዬ ከወንበሬ አልተነቃነቅኩም። ዩፒኤሱ አንዴ ጮኸ፤ ኮምፒውተሩም አብሮት ድርግም አለ። ጽሑፉን ለመጨረሻ ጊዜ ያስቀመጥኩት ጠዋት ከቡና በፊት ስለነበር የዕለቱ ወግ በሙሉ ጠፋ።

አጎቴ ጨለማው ውስጥ ጥቂት ዝም ብለው "ባትሪው መቼ ነው የሞተው?" አሉኝ።

"አሁን ነዋ!" አልኳቸው። ሳቁብኝ።

መሳቅ ያምርባቸዋል። ድሬዳዋ ጥገና ክፍል በነበሩበት ዘመን የናፍጣ ባቡሩን ሞተር የሚያስነሱት ትልልቅ ባትሪዎች በእሳቸው እጅ ነበሩ። ያ ባትሪ ክዳን አለው፤ ተከፍቶ የተጣራ ውኃ ይጨመርበታል፣ የአሲዱ ብርታት በመስታወት ቱቦ ይለካል፣ ውጤቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እኛ ቤት የገባው ግን የታሸገ ነው። "ውኃ አይፈልግም፣ ጥገና አይፈልግም" ተብሎ ተሸጠልንና እኛም ሆድ ዕቃ እንዳለው ረሳነው።

ዘሩ ግን አንድ ነው። ጣሊያናዊው ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 ያስተዋወቀው ባትሪ አንዴ ካለቀ አለቀ ነበር። ፈረንሳዊው ፕላንቴ በ1859 የእርሳስ ዝርጎችን ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነክሮ፣ ኃይሉ ሲያልቅ መልሶ መሙላት እንደሚቻል አሳየ። የመኪናውም፣ የባቡሩም፣ የዩፒኤሱም ባትሪ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። አሲዱ ደሞ ለወለንጪቲ ባዳ አይደለም፤ አዋሽ መልካሳ ላይ ፋብሪካ ተተክሎለታል።

መቼም የዚህች ከተማ ነገር ያስገርማል። በጣሊያን የጦርነት ካሳ የተሠራው ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ፤ አዋሽ ሁለት በ1966፣ አዋሽ ሦስት በ1971 ተከተሉት። ሁሉም ጎረቤቶቿ ናቸው። ለአገሩ ሁሉ መብራት የላከ ወንዝ አጠገቧ እየፈሰሰ፣ በ2001 ወለንጪቲም እንደሌላው ከተማ ሻማ ትገዛ ነበር። ግድቦቹ ውኃ አጥሯቸዋል፣ ፈላጊው በዝቷል። ተከዜ በኅዳር 2002፣ ግልገል ጊቤ ሁለት በዚያው ዓመት በጥር ተመረቁ፤ የጊቤው ዋሻ ግን ከምርቃቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተደረመሰና ወራት ፈጀ።

እንግዲህ ዩፒኤስ እንዲህ ላለው ኑሮ የታሰበ ዕቃ አይደለም። መብራት ለደቂቃዎች ብቻ በሚጠፋበት አገር፣ ሰው ሥራውን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንዲዘጋ የተሠራ ነው። እኛ ሌሊቱን እንዲያሻግረን ጠየቅነው። እኔ ራሴ ቴሌቪዥን ሰክቼበት ዜና አይቻለሁ፤ ጎረቤቶቼም እራታቸውን በእሱ መብራት በልተዋል። እስኪጮህ፣ ከዚያም እስኪጠፋ ድረስ።

አጎቴ የነገሩኝ ይህንኑ ነው። የእርሳስ ባትሪ ኃይሉ ሲወጣ ዝርጎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይሠራል። ቶሎ ከተሞላ ይሟሟል፤ ባዶውን ካደረ ግን እየጠጠረ ይሄድና ያ የዝርጉ ክፍል ከሥራ ውጭ ይሆናል። በፈረቃው ወራት የእኔ ባትሪ ብዙ ሌሊት ባዶውን አድሯል። በዚያ ላይ የወለንጪቲ ቆርቆሮ ጣሪያ አለ! ይህ ባትሪ ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚባለው ለ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። እኔ ደሞ ዩፒኤሱን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ሥር ነበር ያኖርኩት።

መብራት ሲመለስ ሌሊቱን ስንሞላው አደርንና ጠዋት ባትሪውን አውጥቼ በቴስተር ለካሁት፤ 12.6 ቮልት። "ደህና ነው እኮ!" አልኩ። አጎቴ መልስ ሳይሰጡ የመኪና የፊት መብራት አምፖል አስመጡና ገመዱን ነካ አደረጉበት። አምፖሉ ቦግ አለና ወዲያው ደበዘዘ፤ ቴስተሩ ከ10 በታች ወረደ። ጭነት ሳይጫንበት የሚለካ ባትሪ ይዋሻል አሉኝ። ቴስተር ለሌለው ሰው ሌላ መላ ነበራቸው፤ ዩፒኤሱ ሙሉ ቀን ከተሞላ በኋላ ኮምፒውተሩን ነቅሎ ባለ60 ዋት አምፖል ሰክቶ፣ የግድግዳውን ሶኬት ነቅሎ ሰዓት መያዝ።

አዲሱን ፍለጋ ናዝሬት ወረድኩ። ባለ12 ቮልት፣ ባለ7 አምፒር ሰዓት፣ መጠኑም ከአሮጌው ጋር አንድ። የመጀመሪያው ባለሱቅ አቧራውን በእጁ እየጠረገ "አዲስ ነው ጋሼ" አለኝ። መደርደሪያ ላይ ሳይሞላ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ግን ሳይሠራ የሚያረጅ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይፈሳል፣ ባዶነቱም ያጠጥረዋል። የተመረተበትን ቀን የሚያሳይ ሁለተኛ ሱቅ አገኘሁ። መለወጡ ቀላል ነበር፤ ዩፒኤሱን ከሶኬት ነቅሎ ማጥፋት፣ ቀዩን ሽቦ ከመደመሪያው፣ ጥቁሩን ከመቀነሻው፣ ብረት ሁለቱን እንዳያገናኛቸው መጠንቀቅ። በአምፖሉ ስንፈትነው ሃያ ደቂቃ አለፈ። አጎቴ በእስክሪብቶ ቀኑን ጎኑ ላይ ጻፉበት። አሮጌውን ቁራሌው ሊወስደው ሲመጣ አልሰጥም አሉ፤ እርሳሱ ጓሮ ለጓሮ ሲቀልጥ ጭሱ ሕፃናትን እንደሚመርዝ ያውቁ ነበርና ናዝሬት ለባትሪ ሠሪዎች አስረከብን።

ከዚያ ወዲህ አዳማ አናት ላይ የንፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፣ የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2012፤ ታላቁ የህዳሴ ግድብም በጳጉሜ 2017 ተመርቋል። ላፕቶፑ ባትሪውን ይዞ ስለሚዞር ዩፒኤስ የሌለው ቤት በዝቷል። እኔ ግን አሁንም ባትሪ ስገዛ ቀን እጽፋለሁ።

የጠፋውን ወግ አጎቴ በማግሥቱ ደግመው አወጉኝ። መጀመሪያ ሲያወሩ አብረዋቸው የነበሩ አራት ባልደረቦች ጠርተው ነበር። በሁለተኛው ሦስቱን አስታወሱ። አራተኛውን እኔም አልያዝኩትም፤ "ይመጣልኛል፣ ቦታ ተውለት" አሉኝ። ሳይመጣላቸው ዐረፉ። ገጹ ላይ ያ ቦታ እስከ ዛሬ ነጠብጣብ ነው።