ጥሬ ሙዝ በባሕር ላይ

እ.ኤ.አ. በ1876 ፊላደልፊያ ላይ በተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን አንድ ሙዝ በፎይል ተጠቅልሎ በ10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ለዘመኑ ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ውድ ያደረገው እርሻው ሳይሆን መንገዱ ነው። ሙዝ ከተቆረጠ በኋላም መብሰሉን ስለሚቀጥል ጥሬውን ተጭኖ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ወደብ መድረስ አለበት።

የኬፕ ኮዱ ካፒቴን ሎሬንዞ ዳው ቤከር በ1870 ከጀማይካ 160 ዘለላ፣ እያንዳንዱን በ1 ሽልንግ ገዝቶ፣ በሸራ መርከቡ በ11 ቀን ጀርሲ ሲቲ አደረሰና በብዙ እጥፍ ሸጠው። ነፋሱ ከድቶት ቢሆን ኖሮ ጭነቱ ባሕር ውስጥ በተጣለ ነበር። ቤከርና የቦስተኑ ነጋዴ አንድሩ ፕሬስተን በ1885 ቦስተን ፍሩትን አቋቋሙ። ኩባንያው በ1899 የባቡር ሐዲድ ገንቢው ማይነር ኪት በኮስታሪካ ሐዲዱን ተከትሎ ካለማው የሙዝ እርሻ ጋር ተዋህዶ ዩናይትድ ፍሩት ተባለ።

ፉክክሩ ከጊዜ ጋር ነበር። በሸራ ፋንታ እንፋሎት መጣ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው መርከቦች ሥራ ላይ ዋሉ፤ የፀሐይን ሙቀት እንዲመልሱም ነጭ ቀለም ተቀቡ። ቅዝቃዜውም ልክ አለው፤ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙ ከወረደ ልጣጩ ይጠቁራል።

የጊዜን ዋጋ ከሁሉ በላይ የተረዳው ግን መርከብ ያልነበረው ወጣት ስደተኛ ሳሙኤል ዘሙሪ ሳይሆን አይቀርም። በ1890ዎቹ በአላባማ ሞቢል ወደብ ኩባንያዎቹ «በስሏል» ብለው የሚጥሉትን ሙዝ በርካሽ ገዝቶ በባቡር እየጫነ፣ በየጣቢያው ለሚጠብቁት ቸርቻሪዎች ሳይበላሽ ሸጠ። ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ የዩናይትድ ፍሩት አዛዥ እርሱ ሆነ።

ጅምላ ነጋዴው ኋላ ላይ መብሰልን ራሱ ተቆጣጠረ። ጥሬውን ተረክቦ በዝግ ክፍል መብሰልን የሚያፋጥነውን ኤትሊን ጋዝ ይለቅበታል፤ ቸርቻሪው በሚፈልገው ቀንም ቢጫውን ያወጣል። ከአርባ ምንጭ ጥሬውን አዲስ አበባ የሚገባው ሙዝም በላምባ ምድጃ በሚሞቅ ዝግ ክፍል ሲበስል ኖሯል፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ኤትሊን ያው ሥራ ይሠራል።

ከቤከር ዘመን ጀምሮ በባሕር የሚነገደው ዝርያ ግሮ ሚሼል ነበር። ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ዘለላው እንዳለ ይጫን ነበር። የፓናማ በሽታ የሚባለው የፈንገስ በሽታ እርሻውን ካጠፋው በኋላ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሽታውን የሚቋቋመው ካቨንዲሽ ተተካ። እርሱ ደግሞ ልጣጩ ቶሎ ስለሚጎዳ ሙዙ እዚያው እርሻው ላይ ተቆርጦ፣ ታጥቦ በካርቶን መታሸግ ጀመረ። ዘለላ በትከሻቸው ያወርዱ ከነበሩ የወደብ ሠራተኞች ብዙዎቹም ሥራቸውን አጡ። ካቨንዲሽን የሚያጠቃው አዲሱ የፓናማ በሽታ ዝርያ፣ ከእስያ ተነሥቶ በ2019 ኮሎምቢያ መግባቱ ተረጋግጧል።