ዉዲ ስትሮድ፦ በስም ዝርዝሩ አራተኛ

እ.ኤ.አ. በ1946 የሎስ አንጀለስ ራምስ ኬኒ ዋሽንግተንንና ዉዲ ስትሮድን ሲያስፈርም፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ ከ1933 ወዲህ አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም ነበር። ራምስ ከክሊቭላንድ መጥቶ ሊጫወትበት የፈለገው ኮሎሲየም የሕዝብ ንብረት ስለነበር፣ የከተማዋ ጥቁር ጋዜጠኞች በሕዝብ ስታዲየም የዘር አድልዎ ሊኖር አይገባም ብለው ተሟገቱ፤ ረቱም። ስትሮድ ግን ዕድሜው ከሠላሳ አልፎ ነበር፤ አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ተጫውቶ ተሰናበተ። በ1948 በካናዳ ከካልጋሪ ጋር ዋንጫ አነሣ፤ ከዚያ በኋላ እንጀራው የትግል ስፖርትና ፊልም ሆነ።

ሆሊውድ መጀመሪያ የፈለገው ቁመናውን ነበር። በ1956 በወጣው «ዐሠርቱ ትእዛዛት» ውስጥ ሙሴ ፈርዖን ፊት በወዳጅነት የሚያቀርበው የኢትዮጵያ ንጉሥ እሱ ነው፤ በዚያው ፊልም ባሪያ ሆኖም ይታያል።

መታወቂያው የሆነው ግን በ1960 የተሠራው «ስፓርታከስ» ነው። ኢትዮጵያዊው ግላዲያተር ድራባ በመረብና ባለ ሦስት ጣት ጦር ተዋግቶ ስፓርታከስን ይጥለዋል። ግደለው ሲባል ጦሩን ሮማውያኑ ወደተቀመጡበት ሰገነት ይወረውርና ራሱም ተንጠላጥሎ ይወጣል። ዘበኛ ከጀርባው ይወጋዋል፤ ከሮማውያኑ አንዱ የሆነው ክራሰስ በጩቤ ይጨርሰዋል። ለዚህ ሚና ስትሮድ በረዳት ተዋናይነት ለጎልደን ግሎብ ታጨ።

በዚያው ዓመት ጆን ፎርድ «ሳጅን ራትሌጅ»ን ሠራ። በሐሰት የተከሰሰውን የፈረሰኛ ጦር ሳጅን የተጫወተው ስትሮድ ነው፤ ፊልሙም የተሰየመው በዚሁ ገጸ ባሕርይ ነው። በተዋንያን ዝርዝር ላይ ግን ሦስት ነጮች ቀደሙት። በ1962 ፎርድ በ«ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» የጆን ዌይን ሎሌ፣ ፖምፒ፣ አደረገው። ሊበርቲ ቫላንስ በተገደለበት ሌሊት ጠመንጃውን ለጌታው የሚወረውረው ፖምፒ ነው።

መሪ ተዋናይነትን ጣሊያን ሰጠችው። በ1968 ዳይሬክተሩ ቫሌሪዮ ዙርሊኒ የኮንጎው መሪ የፓትሪስ ሉሙምባን አምሳያ እንዲጫወት መረጠው። በዚያው ዓመት በሰርጂዮ ሊዮኔ ፊልም መክፈቻ ባቡር ጣቢያ ላይ ሲጠብቅ ራሱ ላይ ውኃ ይንጠባጠብበታል፤ ባርኔጣውን ይደፋል፣ ቆይቶ ክፈፉ ላይ የተጠራቀመውን ይጠጣል። አንድ ቃል አይናገርም።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1994 በ80 ዓመቱ አረፈ። የስም ዝርዝሮቹን ብቻ የሚያገላብጥ አጥኚ ስትሮድን አጃቢ ብሎ ያልፈዋል፤ ፊልሞቹን የሚያይ ግን ሌላ ነገር ይታዘባል። ድራባ ባይሞት ስፓርታከስ የሚመራው የባሮች አመፅ መነሻውን ያጣል፤ ፖምፒ ጠመንጃውን ባይወረውር የሊበርቲ ቫላንስ ገዳይ ተብሎ ለሴናተርነት የበቃው ሰው ስመ ጥር የሆነበት ታሪክ ከነአካቴው አይፈጠርም። በእነዚህ ፊልሞች ለስትሮድ የተሰጠው ቦታ ጥቂት ደቂቃ ነበር፤ ሌሎቹ ተዋንያን ጀግና የሚሆኑት ግን በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።