«ግራመር» እና «ግላመር»፦ የአንድ ቃል ሁለት ዕጣ

«ግራመር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በትምህርት ቤቶቻችን «ሰዋስው» ከሚለው ባልተናነሰ ይሰማል። ተማሪውን የሚያስታውሰውም ደንብን፣ እርማትንና ቀይ ቀለምን ነው። «ግላመር» ደግሞ የፊልም ተዋንያትን ውበትና ጌጥ ያመለክታል። ሁለቱ ግን በመነሻቸው አንድ ቃል ናቸው። የደንብ ስም እንዴት የውበት ስም ሊሆን ቻለ? መልሱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከድምፅ ለውጡ ይልቅ በሚያነቡና በማያነቡ ሰዎች መካከል ከነበረው ርቀት የሚገኝ ነው።

መነሻው የግሪክኛው «ግራማ» ነው፤ ትርጉሙም ፊደል። ከዚሁ የወጣው «ግራማቲኬ» የንባብና የጽሕፈት ሙያ ማለት ነበር። ቃሉ በላቲንና በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ፣ የእንግሊዝኛን ደንብ አያመለክትም ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮጳ ሰዋስው ሲባል የላቲን ትምህርት ማለት ነው፤ ላቲን ደግሞ የቤተ ክርስቲያንና የሊቃውንት ቋንቋ ነበር።

ይህ ዕውቀት ነፍስ እስከማዳን ይደርስ ነበር። በእንግሊዝ ሕግ ማንበብ የሚችል ወንጀለኛ እንደ ካህን ተቆጥሮ ከስቅላት የሚድንበት ልማድ ነበረ። ለማስረጃ እንዲያነብ የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ እኛ በመዝሙር 50 የምናውቀው የዳዊት የንስሓ ጸሎት መጀመሪያ ነው። (በቃል አጥንተውት ያመለጡም አልጠፉም።) ተውኔት ጸሐፊው ቤን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1598 ከአንድ ተዋናይ ጋር በሰይፍ ተጋጥሞ በገደለው ጊዜ ከሞት የተረፈው በዚሁ መንገድ ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ ግን በጋለ ብረት ምልክት ተደርጎበታል። ይኸው ሰው አንድ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ጽፎ፣ ከሞተ በኋላ በ1640 መታተሙ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ልማዱ የተሻረው በ1827 ነው። እንግዲህ ጥቂት መስመር ማንበብ ሰውን ከገመድ ሲያወርድ ያየ ያልተማረ ሰው ፊደልን እንደ ተራ ነገር ሊቆጥር አይችልም።

ፍርሃቱም በቃላቱ ላይ ምልክቱን ትቷል። በፈረንሳይኛ ከዚሁ ሥር የወጣው «ግሪሟር» የጥንቆላ መጽሐፍ ስም ሆነ። ስኮትላንዳውያን ደግሞ ከሁለቱ «ር» የመጀመሪያውን ወደ «ል» ለውጠው «ግላመር» አሉት፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ትርጉሙ ዓይን የሚያፈዝ መተት ነበር። ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው ዋልተር ስኮት ሲሆን፣ በ1805 ባሳተመው ረጅም ግጥም ውስጥ መተቱ የሚነበበው ከሚካኤል ስኮት መቃብር ከወጣ መጽሐፍ ነው። እውነተኛው ሚካኤል ስኮት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በቶሌዶ የአሪስጣጣሊስን ሥራዎች ከዓረብኛ ወደ ላቲን የተረጎመ ሊቅ ነበር። ዳንቴ ግን በሲኦል ከጠንቋዮች ጋር አስቀምጦታል። ትርጉም ሠርቶ ጠንቋይ መባል! ቆይቶ ከቃሉ ላይ አስማቱ ረገፈ፤ ማፍዘዙ ብቻ ቀረ። በ1939 የሆሊውድን ውበት የሚያወሳ አንድ የአሜሪካ መጽሔት ስሙ አድርጎት ወጣ።

የግእዙ «ሰዋስው» ይህ ዕጣ አልደረሰበትም። ቃሉ መሰላል ማለት ነው፤ ግብጻውያን ክርስቲያኖችም የቅብጥና የዓረብኛ መዝገበ ቃላታቸውን በዓረብኛ «ሱለም»፣ ማለትም መሰላል፣ ይሉት ነበር። ከ«ግላመር» ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ቃላችን ሌላ ነው፤ «አስማት»። በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ሲሆን ትርጉሙ «ስሞች» ብቻ ነው፤ በአማርኛ ግን ድግምት ሆኗል። ይሁን እንጂ መንገዳቸውን አንድ ማድረግ ስሕተት ይመስለኛል። «ግራመር»ን አስማት ያደረገው ከውጭ ሆኖ የሚመለከተው የማያነበው ሰው ግምት ነው። «አስማት»ን ድግምት ያደረጉት ግን ራሳቸው ጸሐፊዎቹ ናቸው፤ ኅቡአት ስሞችን በብራና ክታብ ላይ እየደረደሩ አጋንንት የሚያርቀው በውስጡ ያሉት ስሞች ኃይል ነው ብለው ያመኑ፣ ማንበብም መጻፍም የሚያውቁ ደብተሮች።