ባለ መቀመጫው የኤሌክትሪክ ስኩተር፤ ታሪኩ፣ አመራረጡና አጠቃቀሙ

መግቢያ

ስኩተር የሚባለው ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ከሞተር ብስክሌት የሚለየው በሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ጎማዎቹ ትንንሾች በመሆናቸው፣ በነጂው እግሮች መካከል የሚያግድ ብረት ስለሌለበት፣ ነጂውም እንደ ፈረሰኛ አንፈራጦ ሳይሆን ወንበር ላይ እንዳለ ሰው እግሮቹን ፊት ለፊት አሳርፎ የሚሄድበት በመሆኑ ነው። ይህ ተሽከርካሪ ብዙ ዘመን በቤንዚን ሲሠራ ከቈየ በኋላ፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ዓይነት በተለይ በቻይና አገር እጅግ በዝቷል።

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ሁለት ጥያቄዎችን መመርመር ነው። አንደኛው፣ ሰው ቆሞ ይሄድበት የነበረው ስኩተር እንዴት መቀመጫ አገኘ፣ ከዚያስ በኋላ እንዴት በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሆነ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ተሽከርካሪ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ከዚህ ታሪክ ምን ሊማር ይችላል የሚል ነው። የጥናቱ ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ሕግ አውጭዎችም ሸማቾችም ከሁሉ በፊት የተመለከቱት በጎዳና ላይ የሚታየውን ፍጥነት ነው። ነገር ግን የተሽከርካሪው ጥቅምም አደጋውም በአብዛኛው የሚገኘው በባትሪው ውስጥና ባትሪው በሚያድርበት ስፍራ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳ።

፩. መቀመጫው እንዴት እንደ መጣ

ከቀድሞዎቹ ስኩተሮች መካከል ስሙ የታወቀው አውቶፔድ የተባለው ነው። ይህ መኪና በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ከ1915 እስከ 1921 ዓ.ም. ተሠርቶ ተሸጧል። ነጂው በጠባብ ሰሌዳ ላይ ቆሞ የመሪውን ዘንግ ወደ ፊት ሲገፋው ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ሲስበው ደግሞ ፍሬን ይይዛል። በ1916 ሌዲ ፍሎሬንስ ኖርማን የተባሉት እንግሊዛዊት የሴቶች መብት ተሟጋች በሎንዶን ከተማ ወደ ሥራቸው ሲሄዱበት የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል። በጀርመንም ክሩፕ የተባለው ታላቅ የብረት ኩባንያ ከ1919 ጀምሮ የዚሁኑ ዓይነት ሠርቷል። ይሁን እንጂ በትንንሽ ጎማዎች ላይ ቆሞ መሄድ ለአጭር መንገድ እንጂ ለሩቅ የሚመች አልነበረም። ጎማው ትንሽ በሆነ መጠን ጕድጓዱ ይበልጥ ስለሚያናጋው፣ የቆመም ሰው ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ነጂው ወደ ፊት ለመውደቅ ይቀርባል።

በ1919 በእንግሊዝ አገር የወጣው ስኩታሞታ የተባለው ስኩተር መቀመጫ ነበረው። በ1936 ደግሞ በካሊፎርንያ ፎስተር ሳልስበሪ የተባለው ሰው ሞተሩ ከመቀመጫው በታች የሆነ ስኩተር ለገበያ አቀረበ። ነገር ግን ቅርጹን በዓለም ዘንድ ያጸናው በጣልያን አገር የተሠራው ቬስፓ ነው። የፒያጆ ኩባንያ ከዓለም ጦርነት በፊት አውሮፕላን ይሠራ ነበር፤ በፖንቴዴራ የሚገኘው ፋብሪካው በጦርነቱ በቦምብ ፈርሷል። ከጦርነቱ በኋላ ኤንሪኮ ፒያጆ ርካሽና ማንም የሚነዳው ተሽከርካሪ እንዲፈለሰፍ ባዘዘ ጊዜ ሥራው ለአውሮፕላን መሐንዲሱ ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ተሰጠ። ዳስካኒዮ ሞተር ብስክሌት የማይወድ ሰው ነበረ፤ ሰንሰለቱ ልብስ ያቈሽሻል፣ የተነፈሰ ጎማ መለወጡም ያስቸግራል ብሎ ይነቅፈው ነበር። ስለዚህ ሰንሰለቱን አስወገደ፤ ሞተሩን ከኋላ ጎማ ዘንድ አደረገና በቆርቆሮ ሸፈነው፤ የፊቱንም ጎማ እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ወገን ብቻ አንጠለጠለው። በ1946 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የፈጠራው መብት ተመዘገበ። በማግሥቱ ዓመት የሚላኖው ኢኖቼንቲ ላምብሬታን ይዞ ተከተለው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር መቀመጫ የምቾት ጕዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። መቀመጫ ያለው ስኩተር ቀሚስ የለበሰችን ሴት፣ ካፖርት የደረበን ጸሐፊ፣ ሸክም ያለበትን ነጋዴ ሁሉ ሊያጓጕዝ ቻለ። መጫወቻ ይመስል የነበረው ነገር የዕለት ሥራ መሣሪያ ሆነ።

፪. ባትሪው

የኤሌክትሪክ ሞተር ከስኩተር በፊት የነበረ ነገር ነው፤ ችግሩ ባትሪው ነበረ። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ርካሽና የታመነ ቢሆንም እጅግ ከባድ ነው። አንድ ኪሎ የእርሳስ ባትሪ የሚይዘው ኀይል ከ30 እስከ 40 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። የፔዦ ኩባንያ በ1996 ስኩትኤሌክ የተባለ የኤሌክትሪክ ስኩተር በፈረንሳይ አገር ለሕዝብ ሲያቀርብ ባትሪውን ከኒኬልና ከካድሚየም ሠራው፤ በአንድ ሙሌት የሚሄደው ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። የሶኒ ኩባንያ በ1991 ለገበያ ያወጣው የሊትየም ባትሪ በአንድ ኪሎ ከእርሳሱ ሦስትና አራት እጥፍ የሚበልጥ ኀይል ይይዛል፤ ሆኖም ዋጋው ረክሶ ስኩተር ላይ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

፫. የቻይና ምሳሌ

እንግዲህ ባትሪው ገና ከባድ ሳለ የኤሌክትሪክ ስኩተር በቻይና እንዴት ሊበዛ ቻለ? መልሱ ከመሐንዲሶች ይልቅ ከከተማ አስተዳዳሪዎች ዘንድ ይገኛል። በ1990ዎቹ ዓመታት ብዙዎች የቻይና ታላላቅ ከተሞች ጢሱንና መጨናነቁን ለመቀነስ ሲሉ ለቤንዚን ሞተር ብስክሌት አዲስ ሰሌዳ መስጠትን አጠበቡ፤ አንዳንዶቹም ጨርሰው ከለከሉ። ጓንጆው በ2007 በከተማው ውስጥ ሞተር ብስክሌት እንዳይነዳ አድርጋለች። ሕዝቡ ግን ወደ ሥራው መሄዱ አልቀረም።

በ1999 መንግሥት ለኤሌክትሪክ ብስክሌት ደረጃ አወጣ። በዚህ ደረጃ መሠረት ተሽከርካሪው ፔዳል ሊኖረው፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር፣ ክብደቱም ከ40 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህን ያሟላ ሁሉ እንደ ብስክሌት ስለሚቈጠር መንጃ ፈቃድ አያስፈልገውም። ፋብሪካዎችም የቬስፓን መልክ የያዘ፣ ሰፊ መቀመጫ ያለው፣ ነገር ግን ለስሙ ያህል ሁለት ፔዳሎች የተንጠለጠሉበት ስኩተር ማውጣት ጀመሩ። ብዙ ገዢዎች ፔዳሎቹን ፈትተው ይጥሏቸው ነበር። በ1998 በዓመት የሚሸጠው ጥቂት አሥር ሺህ የነበረው፣ በ2005 ወደ 10 ሚሊዮን ደረሰ። በ2003 የሳርስ በሽታ በገባ ጊዜ ሰዎች አውቶቡስ መሳፈርን መፍራታቸውም ሽያጩን ረድቶታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ብናደርግ የሕጉ ድካም ይገለጣል። 48 ቮልትና 20 አምፔር-ሰዓት ያለው የእርሳስ ባትሪ እያንዳንዳቸው 7 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ አራት ክፍሎች አሉት፤ በድምሩ 28 ኪሎ መሆኑ ነው። ከተፈቀደው 40 ኪሎ ውስጥ ለብረቱ፣ ለሞተሩ፣ ለጎማዎቹና ለመቀመጫው የሚተርፈው 12 ኪሎ ብቻ ይሆናል። በዚህ ክብደት ጠንካራ ፍሬን ያለው ጽኑ ተሽከርካሪ መሥራት ያስቸግራል። ስለዚህ ሠሪው ባትሪውን አሳንሶ የመንገዱን ርቀት ማሳጠር፣ ወይም ሕጉን መጣስ ነበረበት። አብዛኛው ሕጉን ጣሰ።

መንግሥት በ2018 አዲስ ደረጃ አውጥቶ ከ2019 ሚያዝያ ጀምሮ በሥራ ላይ ሲያውል ክብደቱን ወደ 55 ኪሎ፣ ፍጥነቱን ወደ 25 ኪሎ ሜትር ከፍ አደረገ፤ ፔዳሉን ግን አልተወም። በ2025 መስከረም በሥራ ላይ በዋለው ደረጃ የእርሳስ ባትሪ ላለው እስከ 63 ኪሎ ተፈቀደ፤ ፔዳል ማድረግም ግዴታ መሆኑ ቀረ። ሕጉ ሰዎች አስቀድመው በመንገድ ላይ ያደረጉትን ለመቀበል ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀበት ማለት ነው።

፬. ባትሪው የሚያድርበት ስፍራ

ከዚህ ሁሉ ክርክር ውጭ ሆኖ የቈየው ጥያቄ ተሽከርካሪው ሌሊት የት ያድራል የሚለው ነው። በቻይና ከተሞች አብዛኛው ሰው የሚኖረው ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ውስጥ ስለ ሆነ ስኩተሩን በደረጃው ሥር ያቆመዋል፤ ወይም ባትሪውን አውጥቶ በመኝታ ክፍሉ ይሞላዋል። የሊትየም ባትሪ ደግሞ ሲጐዳ ወይም በማይስማማው መሙያ ሲሞላ በውስጡ ያለው ሙቀት ራሱን በራሱ እያባባሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ እሳት ይለወጣል፤ ጢሱም መርዛም ነው። እሳቱ ከደረጃው ሥር ከተነሣ የሰዎቹ መውጫ በር ተዘጋ ማለት ነው።

ከ2021 ነሐሴ ጀምሮ በቻይና በፎቅ ቤቶች መተላለፊያና ደረጃ ላይ ስኩተር ማቆምና መሙላት በደንብ ተከልክሏል። ነገር ግን መከልከል ብቻውን ሌላ ማደሪያ አይሰጥም። በ2024 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን በናንጂንግ ከተማ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ በተነሣው እሳት 15 ሰዎች ሞቱ፤ የመጀመሪያው ምርመራ እሳቱ የተነሣው የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ከቆሙበት ስፍራ መሆኑን ገልጿል። በኒው ዮርክ ከተማም በ2023 ከሊትየም ባትሪ በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። በዚያች ከተማ ተሽከርካሪውን በይበልጥ የሚጠቀሙበት ምግብ ለየቤቱ የሚያደርሱ ስደተኞች ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚኖሩት በጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ከተማይቱ በዚያው ዓመት በገለልተኛ ቤተ ሙከራ ያልተፈተነ ባትሪ እንዳይሸጥ ሕግ አወጣች። የእርሳሱም ባትሪ ቢሆን ያለ ጕዳት አይደለም፤ በ2011 በቻይና በፋብሪካዎች አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች በእርሳስ መመረዛቸው ስለ ታወቀ ብዙ የባትሪ ፋብሪካዎች ተዘግተዋል።

ሌላ መንገድ የመረጠችው ታይዋን ናት። ጎጎሮ የተባለው ኩባንያ ከ2015 ጀምሮ በሸጠው ስኩተር ነጂው ባትሪውን ቤቱ አይሞላውም፤ በመንገድ ዳር በቆመ ሣጥን ውስጥ ባዶውን አስገብቶ የተሞላውን ይወስዳል። አንዱ ባትሪ 9 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ማንም ያነሣዋል። የዚህ አሠራር ብልሃት ጊዜ ማትረፉ ብቻ ሳይሆን ባትሪው ሰው ከሚተኛበት ቤት ውጭ እንዲሞላ ማድረጉ ነው።

፭. ስለ አመራረጥና አጠቃቀም

ከላይ የተነገረው ታሪክ ለሸማቹ የጥያቄዎችን ቅደም ተከተል ያስተምረዋል።

አንደኛ፣ ማደሪያውን ይመልከት። ስኩተሩ ከመውጫ በርና ከደረጃ ርቆ የሚቆምበት ስፍራ ከሌለ፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት መሆን አለበት። የሚሞላው አብሮት በተሸጠው መሙያ ብቻ ነው፤ ከጕዞ እንደ ተመለሱ ሳይሆን ባትሪው ከበረደ በኋላ፣ ሰው ነቅቶ ሳለ ይሞላ። ያበጠ ወይም በውድቀት የተሰነጠቀ ባትሪ ከቶ አይሞላም።

ሁለተኛ፣ የዕለት መንገዱን ያስላ። ቀላል ስኩተር በደልዳላ መንገድ በኪሎ ሜትር 25 ዋት-ሰዓት ያህል ይፈጃል ብንል፣ 960 ዋት-ሰዓት የያዘው ከላይ የተጠቀሰው ባትሪ 38 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ዳገት ግን ስሌቱን ይለውጠዋል። ነጂውና ስኩተሩ በአንድነት 130 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 300 ሜትር ሽቅብ መውጣት ብቻውን፣ የሚባክነው ሳይቈጠር፣ 106 ዋት-ሰዓት ይወስዳል፤ ይህም ከባትሪው ከዘጠኝ አንድ እጅ ነው። ስለዚህ ሻጩ የሚናገረውን ርቀት ደጋ አገር ያለ ሰው እንዳለ አይቀበለው።

ሦስተኛ፣ መቀመጫውን፣ ጎማውንና ፍሬኑን ይመርምር። ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ሊረግጡለት ይገባል። ፍጥነት ከ20 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ እንግዲህ ፍጥነቱ ከመጠየቁ በፊት ፍሬኑ ይጠየቅ። የኤሌክትሪክ ስኩተር ድምፅ ስለሌለው እግረኛው አይሰማውም፤ የመጠንቀቁ ዕዳ በነጂው ላይ ይወድቃል። የራስ ቍርም ለአጭር መንገድ ቢሆን አይተውም።

አራተኛ፣ በከተማው ሕግ ተሽከርካሪው ብስክሌት ነው ወይስ ሞተር ብስክሌት የሚለውን አስቀድሞ ይረዳ፤ የቻይና ታሪክ እንዳሳየው ይህ ስም ሊለወጥ ይችላልና።

መደምደሚያ

ይህ ጕዳይ ለእኛም ባዕድ አይደለም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2019 በወንጀል ምክንያት የሞተር ብስክሌትን እንቅስቃሴ ከልክሎ ለተወሰኑ አገልግሎቶች ብቻ ፈቅዶ ነበር። መንግሥትም በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በቻይና ከተሞች የኤሌክትሪክ ስኩተርን ያበዛው ቤንዚኑን የሚያጠብቅ እንዲህ ያለ ውሳኔ ነበር። ልዩነቱ እነርሱ ያለ ምሳሌ የገቡበት መሆኑ ነው፤ እኛ ግን ምሳሌ አለን። ኮንዶሚኒየም በበዛበት ከተማ የስኩተር ደንብ የሚያወጣ ሰው ስለ ፍጥነቱና ስለ ሰሌዳው ብቻ ጽፎ ስለ ባትሪው ማደሪያ ዝም ቢል፣ ደንቡን ያወጣው ለቀኑ ብቻ ነው፤ ከላይ የተቈጠሩት ሰዎች ደግሞ የሞቱት በቤታቸው ነው።