ጉባኤ ያለ መዝገብ፦ በአንድ ዝንባሌ የተሰበሰቡ ሰዎች ማኅበር በፈጣን መልእክት ዘመን

በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ከሚገኙት የገጠር ቀበሌዎች አንዱ በሆነው በዋሂልና ዋሂልን በመሰሉት አጎራባች መንደሮች፣ ማሽላ ዘሪውና ከብት አርቢው፣ ኦሮሞውና ሶማሌው ተጎራብቶ በሚኖርበት አገር፣ የብዙ ሰው ጉዳይ የሆነ ነገር ከጥንት ጀምሮ ሲመከርበት የኖረው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ጥላው ግን ብቻውን ጉባኤ አላቆመም። የኢሳ ሶማሌዎች የቃል ሕግ የሆነውና በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ አቅራቢነት በኅዳር 2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባው ሄር ኢሴ በጽሑፍ ሳይሰፍር ለዘመናት ጸንቶ የቆየው፣ ሽማግሌዎቹ ተራ ጠብቀው ስለሚናገሩ፣ ሌላውም ሰው ተቀምጦ ስለሚሰማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀድሞ በተመሳሳይ ነገር ምን እንደ ተፈረደ በልቡናው ይዞ «እንዲህ ተብሎ ነበር» የሚል ሰው በመካከላቸው ስለማይታጣ ነው። ስለዚህ ሕግ በፈረንሳይኛ የጻፈው ጅቡቲያዊው ዓሊ ሙሳ ኢዬም መጽሐፉን «የዛፉ ፍርድ» ብሎታል።

ይህን መቅድም ማስቀደሜ ከሕግ እጅግ ያነሰ ስለሚመስል ነገር ለመናገር ነው፤ ይኸውም ሰዎች ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው ስለሚከተሉት ዝንባሌ፣ ስለ ቴምብር ሰብሳቢው፣ ስለ አሮጌ ባቡር ወዳጁ፣ ስለ ወፍ ተመልካቹ፣ እነዚህም በኢንተርኔት ላይ ስላቋቋሙት የውይይት ማኅበር ነው። የቴሌግራምና የዋትስአፕ ዘመን ከመጣ ወዲህ እንዲህ ያሉት ማኅበሮች በአባላት ብዛት ሲደልቡ በዕውቀት እየከሱ መሄዳቸውን የማያይ ሰው ጥቂት ነው፤ የክሳቱን ምክንያት ግን አብዛኛው ሰው ከሰዎች ስንፍና ወይም ከመሣሪያው ክፋት ያገኘው ይመስለዋል። የእኔ አሳብ ከሁለቱም ይለያል፤ የታጣው የማኅበሩን ቃል የሚጠብቅ ዐቃቢ ነውና።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት ከድሬዳዋ የተሻለ ስፍራ አይገኝም፤ ከተማዪቱ ራስዋ የሐዲድ ልጅ ናትና። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከዚህ ሲደርስ ተቈረቈረች፤ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስም ከባሕር ማዶ የሚመጣው ደብዳቤ ብዙው ያለፈው በዚህችው ጣቢያ በኩል ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴምብርና ኢትዮጵያ በጥቅምት 1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል መሆንዋ ለታሪክ ጸሐፊው አንድ መስመር ቢሆኑለት፣ ለቴምብር ሰብሳቢው ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ናቸው። እርሱ አንድ ያረጀ ፖስታ በእጁ ሲይዝ፣ ማኅተሙ ክብ መሆኑን፣ የከተማዪቱ ስም በፈረንሣዮች አጻጻፍ መቀረጹን፣ የቀለሙን መልክ፣ ቀኑ በእኛ ይሁን በአውሮጳውያን አቈጣጠር መቈጠሩን አንድ በአንድ ይመረምራል፤ ከዚያም ደብዳቤው በየት በኩል እንደ ተጓዘ፣ በየትኛው ጣቢያ እንደ ዘገየ ያውቃል። የፖስታ ቤቱ መዝገብ በጠፋበት ቦታ ምስክር ሆኖ የሚቀረው ይህ ሰው ነው።

የባቡሩም ነገር እንዲሁ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያውን ከከተማው ውጭ አድርጎ ስለ ነበር፣ በከዚራ ሰፈር ያለው አሮጌው የሽመንደፈር ጣቢያና የጥገና ወርክሾፑ የዕለት ሥራ ቦታነታቸው እየቀነሰ የትዝታ ቦታ እየሆኑ ሄዱ። የትኛው ጭስ አውጪ ሎኮሞቲቭ መቼ እንደ ተተወ፣ የትኛው ቡሎን ለየትኛው ፉርጎ እንደ ሆነ የሚያውቁት ጡረታ የወጡ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ናቸው፤ ዕውቀታቸውም ግማሹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ፣ ግማሹም በተሰባበረ የባቡር ፈረንሳይኛ በአፋቸው ያለ ነው። ሰው ሲሞት የሚቀበር ዕውቀት ማለት ይህ ነው።

ቀድሞ እንዲህ ያለው ዕውቀት የሚጠራቀመው በታተመ ጽሑፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር «ዋልያ» የሚል መጽሔት ያወጣ ነበር፤ የኢትዮጵያን ቴምብር የሚያጠኑ ሰዎችም በባሕር ማዶ ተሰብስበው «የምኒልክ ጆርናል» የሚባለውን ያሳትሙ ነበር። ኢንተርኔት ሲስፋፋ በስደት ያሉት ኢትዮጵያውያን፣ የውይይታቸውን መድረክ ዋርካ ብለው ሰይመው፣ በሳይበር ኢትዮጵያ ድረ ገጽ ላይ ስለ ፖለቲካውም ስለ ሥነ ጽሑፉም በግእዝ ፊደል ሲጽፉ፣ ሌሊቱን ሲከራከሩ ኖሩ። በዚያ መድረክ ላይ ስድብ አልነበረም የሚል ሰው ካለ አላነበበውም፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ርእስ፣ እያንዳንዱም ርእስ የራሱ ቦታ ስለ ነበረው፣ ከዓመት በኋላ የመጣ እንግዳ የቀደሙትን ቃል አንብቦ በዚያው ላይ የራሱን መጨመር ይችል ነበር።

መድረኩ ሁሉ ግን በሰው ቤት የተተከለ ነበረ። ያሁ ግሩፕስ የተባለው፣ በዓለም ዙሪያ የብዙ ዝንባሌ ማኅበር መጠለያ የነበረው አገልግሎት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የተጠራቀመውን ጽሑፍ ሊደመስስ መሆኑን አስታውቆ፣ በ2020 ዲሴምበር በሩን ጨርሶ ዘጋ። አስቀድሞ የየራሱን ቅጂ ያወጣ ማኅበር ተረፈ፤ ያላወጣው የሃያ ዓመት ጭውውቱን አጣ።

ከዚያ ወዲህ ፍልሰቱ ወደ መልእክት መተግበሪያ ሆነ። የቴሌግራም ቡድን እስከ 200,000 አባላት፣ የዋትስአፕ ቡድን ደግሞ እስከ 1,024 ሊይዝ ይችላል፤ እንደ ብዛቱ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የበለጠ ጉባኤ በምድር ላይ አይገኝም ነበር። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ የሚሆነውን ግን ማንም ያውቀዋል። ጠዋት አንዱ የአሮጌ ፖስታ ፎቶ ልኮ «ወንድሞች፣ ይህ ማኅተም የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ይላል። አንድ ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን በፖስታና በባቡር የፈጁ፣ ዐይናቸው ስለ ደከመ መጻፍ ትተው በድምፅ ይመልሳሉ፤ አራት ደቂቃ የሚሆን፣ ሳል የተቀላቀለበት፣ ምናልባት በየትም መጽሐፍ ያልተጻፈ ነገር የያዘ መልስ። ሁለት ሰው የአጨብጫቢ እጅ ምልክት ይልካል። ከቀትር በኋላ «ጁምዓ ሙባረክ» ይመጣል፤ «እንኳን ለቅዱስ ገብርኤል አደረሳችሁ» ይከተላል፤ አበባ፣ የሚሸጥ ስልክ፣ የእግር ኳስ ውጤት ይደረብበታል። ሲመሽ የሽማግሌው ቃል ከመልእክት ክምር በታች ተቀብሯል፤ በድምፅ ስለ ሆነም ቃል ጽፎ የፈለገው አያገኘውም። በሳምንቱ አዲስ የገባ ልጅ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ወደ ላይ ወጥተህ ፈልግ» ይባላል። እርሱም ወጥቶ አያገኝም፤ ሽማግሌውም ለሦስተኛ ጊዜ ከመለሱ በኋላ ዝም ይላሉ። ማኅበሩ የሞተው በዚህች ዝምታ ቀን ነው፤ አባላቱ ግን ሰላምታ መለዋወጣቸውን ስላላቋረጡ ሞቱን አያውቁትም።

የአገራችን ሊቃውንት ይህን ችግር ከብዙ ዘመን በፊት ፈትተውት ነበር። በጉባኤ ቤት የሚነገረው የመጻሕፍት አንድምታ ምንድን ነው ቢሉ፣ በብዙ ትውልድ የተካሄደ አንድ የማይቋረጥ ውይይት ነው፤ አንዱ መምህር እንዲህ ይፈታዋል፣ ሌላው «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፣ ተከታዩ ደቀ መዝሙር ሁለቱንም ከነልዩነታቸው ይቀበላል፣ የተሸነፈው አሳብ እንኳ አይጣልም። በሐረርጌ የኪታብ ትምህርት በሚሰጥባቸው ቤቶችም ሊቁ በኪታቡ ኅዳግ ላይ ሐሺያውን፣ ማለት ማብራሪያውን፣ እየጻፈ፣ ተከታዩ በሐሺያው ላይ ሌላ ሐሺያ እየጨመረ ያስተላልፈዋል። በሁለቱም ዘንድ ተናጋሪው ያልፋል፣ ቃሉ ግን ቦታ አለው፤ አዲስ የሚመጣውም ደቀ መዝሙር ከተነገረው ሳይጀምር አዲስ ነገር እንዲናገር አይፈቀድለትም።

እዚህ ላይ ለፈጣኑ መልእክት ሊነገርለት የሚገባውን መናገር ፍትሕ ነው፤ የእርሱ ወቃሾች ከእኔ ጋር ሆነው ብዙውን ጊዜ የሚዘሉት ነገር ነውና። የቀድሞው የኢንተርኔት መድረክ ኮምፒውተር ያለውን፣ መክተብ የሚችለውን፣ በአመዛኙ በባሕር ማዶ ያለውን ሰው ነበር የሚያስገባው። በአንጻሩ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የመጀመሪያ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሲጀምር፣ ቀድሞ ለብቻው ይሠራ የነበረው ኢትዮ ቴሌኮም ተወዳዳሪ ሲያገኝ፣ ለያዝነው ነገር ዋናው ለውጥ አንድ ነው፤ መጻፍ ያልተማረ ሰው በስልኩ ላይ ጣቱን ተጭኖ መናገርን ከምንጊዜውም ይበልጥ ለመደ። የዋሂል ገበሬ ስለ ዘሩ ዝርያ፣ የጡረተኛው ባቡረኛ ስለ ፍሬኑ በገዛ ቋንቋው ሊናገር የቻለው በድምፅ መልእክት ነው። በዚህ ረገድ ቴሌግራም ከዋርካው ይልቅ ለዛፉ ጥላ ይቀርባል። ጉድለቱ ተናጋሪውን ካመጣ በኋላ «እንዲህ ተብሎ ነበር» ባዩን ሽማግሌ አለማምጣቱ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ አድርጎ አፉን በጭቃ እንደሚደፍነው፣ የተባለውንም ነገር ከወሬው ለይቶ የሚያኖር ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ሰው ማን ይሁን? መተግበሪያው አይደለም። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ትልልቅ ቡድኖች ጭውውታቸውን በየርእሱ እንዲከፋፍሉ የሚያስችል መንገድ ሰጥቷል፣ ዋና ዋና መልእክቶችንም ከላይ መስቀል ይቻላል፤ ሆኖም ርእስ ከፋፍሎ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ከፋፍሎም ያው አንድ ገበያ ነው። አሜሪካዊትዋ ሊቅ ኤሊኖር ኦስትሮም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለችበት ምርምርዋ፣ የጋራ ግጦሽና የጋራ ውኃ የሚጠፋው የጋራ በመሆኑ ሳይሆን፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አውጥተው ተጠባብቀው ካልኖሩ መሆኑን አስረድቷል። ይህንን ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት ድካም ነው፤ የቀብርና የመረዳጃ ማኅበሩ አፎቻ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃልና። በአፎቻ ዝርዝሩን የሚይዝ ሰው አለ፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ እንግዳ ሲገባ ደንቡ ይነገረዋል፤ ሹመቱም ክብር እንጂ ደመወዝ የለውም። የቴሌግራሙ «አድሚን» ደግሞ በብዙ ቦታ ሥራው ማባረር ብቻ ሆኗል፤ ማባረር የዘበኛ ሥራ ነው፣ መዝገብ መጠበቅ ግን የጸሐፊ ሥራ ነው፤ ማኅበሩን የሚያኖረው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ በእጃቸው የዝንባሌ ቡድን ያለ ሰዎች፣ ቴምብርም ቢሆን፣ አሮጌ ባቡርም ቢሆን፣ ወፍም ቢሆን፣ ከአባላቱ መካከል አንድ ጸሐፊ ይምረጡ። ጸሐፊው በየወሩ የተጠየቁትን ጥሩ ጥያቄዎችና የተሰጡትን መልሶች አውጥቶ፣ የሽማግሌዎቹን የድምፅ ቃል በፊደል ገልብጦ፣ ተናጋሪው ከፈቀደም በስሙ፣ ካልፈቀደም ያለ ስም አንድ ጥራዝ ያድርገው። ጥራዙ ከመተግበሪያው ውጭ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ በወረቀት ታትሞ አንዱ ቅጂ ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው በአዲስ አበባ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። ለአዲስ ገቢ የመጀመሪያው ሰላምታ ይኸው ጥራዝ ይሁን። በከዚራ ሐዲድ ላይ የሠሩት ሰዎች በዕድሜ ገፍተዋልና ሥራው ከሚመጣው ዓመት ይልቅ ከዚህ ወር ቢጀመር ይሻላል።