ከማማ ላይ ያለ አዳኝ

በመከር ሰሞን የማሽላ ጠባቂ ከማማው ላይ ሆኖ ዝንጀሮ ሲከላከል አይታችሁ ይሆናል። በሕንድ አገርም የቀድሞ አዳኞች አውሬ ለመጠበቅ በዛፍ ላይ እንዲህ ያለ ማማ ይሠሩ ነበር፤ ስሙንም «ማቻን» ይሉታል። ሰው ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ከአደጋ የራቀ ይመስለዋል። ነብር ግን ዛፍ መውጣት ያውቃል።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. ጂም ኮርቤት የተባለው አዳኝ፥ በሰሜን ሕንድ በኩማዮን 400 ያህል ሰው ፈጅቷል የሚባለውን የፓናርን ነብር ለመግደል ተነሣ። ለመቀመጫ ያገኘው አንድ ዘንበል ያለ ያረጀ ዛፍ ነበር። ፍየል ከፊቱ አሳሰረ፤ ነብሩ ከኋላው በግንዱ በኩል እንዳይመጣበትም ረዣዥም የእሾህ ቅርንጫፎች አስቈርጦ በግንዱ ላይ በገመድ አጥብቆ አስጠፈረ፤ ጫፋቸውን በብብቱ ይዞ ተቀመጠ።

በመሸ ጊዜ ነብሩ ፍየሉን ትቶ ወደ ሰውየው መጣ፤ እሾሁንም ከበስተኋላ ይጐትት ጀመር። ኮርቤት በጨለማ ዞሮ መተኰስ አልቻለም። በዚያች ሰዓት ነፍሱን ያተረፈው ጠመንጃው ሳይሆን የገመዱ ቋጠሮ ነው። ነብሩም እሾሁን ማለፍ ቢያቅተው ተመልሶ ፍየሉን ያዘ፤ ያን ጊዜ በጥይት ቈሰለ፥ በዚያው ሌሊትም ተገደለ።

የታሪክ ወሬ ተኳሹን ያመሰግናል፤ ድሉ ግን የተገኘው ቀን በብርሃን፥ እሾሁ በታሰረበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ከፍ ካለ ስፍራ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱን ብቻ አይመልከት፤ የወጣበትን ግንድ አስቀድሞ ይመርምር።