የሐጋይ ግጦሽ ያልተጻፈበት መዝገብ

በአፋር ምድር የውጭ ሰው መሬት የገዛበትን ውል የሚፈልግ ከአሰብ ይጀምር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1869 ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል፣ ቀድሞ ሚሲዮናዊ የነበረ ኢጣሊያዊ፣ ከሐሰን ቤን አሕመድና ከኢብራሂም ቤን አሕመድ፣ ከሁለቱ ወንድማማቾች ጋር ተዋዋለ። ዋጋው 6,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። 250ውን ቀብድ አስያዘ፤ የቀረውን 5,750 በ100 ቀን ውስጥ ሊከፍል ተስማማ። ወሰኑ በገመድ አልተለካም፤ ከጋንጋ ተራራ እስከ ሉማ የባሕር ጫፍ ተብሎ ብቻ ተጻፈ። ከሁለት ቀን በኋላ የስዊዝ ቦይ ተመረቀ።

ከግዢው ጀርባ የነበረው የጄኖቫው የሩባቲኖ መርከብ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ቆይቶ ከራሄይታው ሱልጣን ከበርሃንም ተጨማሪ መሬት ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1882 ደግሞ ይዞታውን ሁሉ በ416,000 ሊሬ ለኢጣሊያ መንግሥት አስተላለፈ። የግል ሰው በቀብድ የገዛው ቦታ በ13 ዓመት ውስጥ የቅኝ ግዛት መነሻ ሆነ።

እኔ ይህን ውል የማነበው እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። አሳይታ ላይ የመሬት ፋይል ሳገላብጥ ጡረታ ወጥቻለሁ። በሳፔቶ ውል ውስጥ ሻጭ አለ፣ ገዥ አለ፣ ዋጋ አለ፣ ቀብድ አለ፣ አዋሳኝም አለ። በዚያ ዳርቻ ግመሉን የሚያሰማራው ሰው ግን የለም። ከዚያ በኋላ በአዋሽ ሸለቆ የተጻፈው የመሬት ወረቀት ሁሉ ይኸው ጉድለት አለበት፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ወደ አፋሩ ሱልጣኔት ወደ አውሳ የመጣው ወረቀት መጀመሪያ የንግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1888 የኢጣሊያ መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ከሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ጋር የስምምነት ውል ተፈራረመ። የአውሳ ሱልጣኖች ግን የዋዛ ሰዎች አልነበሩም፤ ከባሕር ወደ ሸዋ የሚያልፈውን መንገድ በእጃቸው ይዘው ቆዩ። የእርሻውን መሬት የውጭ ኩባንያ የያዘው ገና በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ የተንዳሆ እርሻ አክሲዮን ማኅበርን ሲያቋቁም ነው። በዱብቲና በዲት ባሕሪ ጥጥ ተዘራ።

አባቴ በዱብቲ ጥጥ መዳመጫ ሚዛን ላይ ይሠሩ ነበር። ለቃሚው ከደጋ በጭነት መኪና ይመጣል፤ የለቀመውን በጆንያ ተሸክሞ ይሰለፋል፤ አባቴ መዝነው ኪሎውን በቀይ እስክሪብቶ በካርዱ ላይ ይጽፉለታል። ከቦዩ ማዶ የአፋር እረኞች ግመሎቻቸውን አቁመው ውሃውን ያያሉ። ዘበኛው እንዳይሻገሩ ይከለክላል። የለቃሚው ድካም ቢያንስ በኪሎ ተጽፎ ይቀር ነበር።

ለኩባንያው መሬቱን ሰጪው መንግሥት ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በማንም ስም ያልተያዘን ንብረት፣ የግጦሽ መሬትንም ጭምር፣ የመንግሥት አድርጎት ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከለከለ። ሳያውቅ በቅን ልቦና የያዘም ቢሆን በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዛል። ያው ሕግ ከቁጥር 1553 ጀምሮ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በዝርዝር ይደነግጋል፤ መጨረሻው ላይ ግን በቁጥር 3363 ያንኑ የመዝገብ ክፍል በሥራ እንዳይውል አገደው። እኔ ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን አንቀጽ አላውቅም። በር ላይ የቆመውን ፈረንጅ ለመመለስ ሕጉ ብርቱ ነበር፤ ቤት ውስጥ ያለውን ባለመሬት ለመጻፍ ግን አልተነሣም።

በ1954 የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን መሬቱን ለኩባንያዎች በኮንሴሲዮን ያከፋፍል ጀመር። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ አጥርና ቦይ ወደ ታች ሲገፋ ዝም ብለው አላዩም፤ እሳቸውም ከአውሳ ባላባቶች ጋር ትራክተር አስገብተው ጥጥ አለሙ፤ የኩባንያውንም መስፋፋት በዚያው በጥጥ ገቱት። ለወንዙ ዳር እረኛ ግን የተዘራው የማንም ጥጥ ቢሆን ልዩነት አልነበረውም። ወንዙ ዳር ያለው ለምለም መሬት ከአፋር ምድር ስፋት አንጻር ጠባብ ነው፤ ሆኖም ከብቱ በደረቁ ወራት ነፍሱን የሚያተርፈው እዚያ ነው። ያ ጠባብ መሬት ሲታጠር ዙሪያው ያለው ሰፊ ሜዳም አብሮ ከጥቅም ይወጣል። በ1965 እና 66 ድርቅ ሲመታ ይህ በሬሳ ታየ።

በየካቲት 1967 የወጣው ቁጥር 31 አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ ተንዳሆም የመንግሥት እርሻ ሆነ። አዋጁ ዘላኖች በልማድ በሚያሰማሩበት መሬት ላይ የይዞታ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በዚያው ዓመት ግን አውሳ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ሱልጣኑም ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ እስከ 1983 በስደት ቆዩ። ዱብቲ ላይ የተለወጠው የአለቃው ስም ነው፤ አጥሩ እንዳለ ቀረ።

አንድ ቀን አንድ የአፋር ሽማግሌ ቢሮዬ ገቡ። ፎርሙን አወጣሁ። የባለይዞታ ስም፣ ስፋት፣ አዋሳኝ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ። እያስተረጎምኩ ጠየቅኳቸው። እስክጨርስ ታገሡኝና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እኛ በካርማ ዝናብ ወደ ሜዳው እንወጣለን፤ በደረቁ ሐጋይ ወደ ወንዙ እንመለሳለን። ሌሎች ጎሣዎችም ሲቸግራቸው ያስፈቅዱንና ያሰማራሉ። እኔን የምትጽፈኝ የት ላይ ነው?» ፎርሙ ላይ ቦታ አልነበረም። ከጀርባው በእጄ ጻፍኩት፤ ሕጋዊ ዋጋ እንደሌለውም አውቅ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደንግጎ፣ አርብቶ አደሩ ለግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይላል። በክልሉ ዋና ከተማ በሰመራ የከተማ ቦታ በሊዝ ይሰጣል፤ የመኖሪያው እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። በሰኔ 2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆኑበትን አዋጅ አጽድቋል። በሩ መከፈቱን አልቃወምም። አገር ካፒታል ይፈልጋል፤ ሰመራም ቤትና ሆቴል ያስፈልጋታል። ከከተማው ክልል ወጥቶ ወንዙን ተከትሎ ቦታ የሚለካ ባለሙያ ግን ሥራውን በካርማ አይሥራ። በካርማ ዱብቲ ዳር ማንም የለም፤ መሬቱ ባዶ ይመስላል። በግንቦትና በሰኔ ይምጣ፤ ከብቱ ሁሉ ውሃው ላይ በተሰበሰበበት ወር፤ ያኔ የማን እንደሆነ ይጠይቅና የሚመልሱለትን ሁሉ በስም ይጻፍ።